የአርታኢ ወንበርና ይሉኝታ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁና ሳይመካከሩ፣ ስለ ምርምር ጆርናል አርታኢነት የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። ሦስቱም ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ናቸው፤ አንዱ ከሰንዳፋ፣ አንዱ ከኮዬ ፈጬ፣ አንዱም ከሰበታ። ደብዳቤዎቹን በጠያቂዎቹ ፈቃድ አሳጥረን ያቀረብን ሲሆን ስማቸውንና ተቋማቸውን አናወጣም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፣ ከሰንዳፋ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። በሰንዳፋ አቅጣጫ በሚገኝ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም መምህር ነኝ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ተቋሙ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያሳትመው ጆርናል ዋና አርታኢ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ለሥራው የተሰጠኝ ሥልጠና የለም፤ ከቀድሞው አርታኢ የተረከብኩት አንድ የኢሜይል የይለፍ ቃልና ሁለት ካርቶን ወረቀት ነው። ባለፈው ወር የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ አማካሪ የነበሩት ሰው፣ አንድ ጽሑፍ አስገቡ። ለሁለት ገምጋሚዎች ላክሁት። አንደኛው ጥቂት ማስተካከያ ተደርጎበት ይውጣ አሉ። ሁለተኛው ግን የናሙና አወሳሰዱ ከመደምደሚያው ጋር እንደማይጣጣም፣ ሁለት ሠንጠረዦችም እርስ በርሳቸው እንደሚጋጩ በአራት ገጽ ዘርዝረው እንዳይታተም መከሩ። ይህ ሲሰማ ዲኑ አስጠርተውኝ «የእርሳቸው የማዕረግ ዕድገት በዚህ በአንድ ጽሑፍ ላይ ቆሟል፤ ሦስተኛ ገምጋሚ ፈልግና ጨርሰው» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር የኃላፊዬን ፊት ለማየት አፍራለሁ፤ ዛሬ ለደረስኩበት ያበቁኝ እርሳቸው ናቸው። ምን ላድርግ? ሦስተኛ ገምጋሚ መፈለግስ ስህተት ነው?

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም በዚያ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ስለ ተቀመጥኩ ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። በመጨረሻ ከጠየቁት ልጀምር። ሦስተኛ ገምጋሚ መፈለግ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ሁለት ገምጋሚዎች የተለያየ ምክር ሲሰጡ ሌላ ሰው መጠየቅ በየጆርናሉ የተለመደ አሠራር ነው። ስህተት የሚሆነው ሰውየው የሚፈለገው «ይውጣ» እንዲል ታስቦ ከሆነ ነው፤ ዲኑ «ፈልግና ጨርሰው» ሲሉም የጠየቁዎት ይህንኑ ነው።

ደግሞም ግምገማ የእጅ ማውጣት ድምፅ አይደለም። ሁለት ሰዎች «ይውጣ» ስላሉ የአንዱ የአራት ገጽ ማስረጃ አይሻርም። ገምጋሚዎች ይመክራሉ፣ አርታኢው ይወስናል፤ ሲወስንም የእያንዳንዱን ምክር ምክንያት መዝኖ ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ ያነሡት የሠንጠረዦች መጋጨት የመስኩን ባለሙያ እንኳ የማይጠይቅ፣ በእርሳስና በወረቀት የሚረጋገጥ ነገር ነው። ለምሳሌ አንዱ ሠንጠረዥ 214 መላሾች እንደነበሩ ቢናገር፣ በሌላው ላይ ደግሞ በፆታ የተከፋፈሉት ተደምረው 198 ቢሆኑ፣ የቀሩት 16 ሰዎች የት እንደ ገቡ ደራሲው ማስረዳት አለባቸው። ምናልባት ፆታቸውን ያልሞሉ መላሾች ይሆናሉ፤ ምናልባት የመተየብ ስህተት ነው፤ ምናልባትም ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ደራሲው የተሞሉትን መጠይቆች ወይም ዋናውን የመረጃ ፋይል ሲያቀርቡ ነው፤ ሦስተኛ ገምጋሚ ስለ ጨመሩ አይታወቅም። ስለዚህ ገና ሌላ ሰው ሳይጠየቅ፣ ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ለደራሲው ሊደርስ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። ይህ ጽሑፍ በእርስዎ እጅ ሊቆይ አይገባውም ነበር። ደራሲው ትናንት አማካሪዎ፣ ዛሬ አለቃዎ ናቸው፤ የሥራ አፈጻጸም ውጤትዎን የሚሞሉትም፣ ለትምህርት ዕድል ሲያመለክቱ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልዎም እርሳቸው ናቸው። በሙያው ቋንቋ ይህ የጥቅም ግጭት ይባላል። የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ የአገራችን ምሁራን ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ሁላችንም አንድ ቀን ይገጥመናል። ጥፋቱ የሚጀምረው እያወቁ ዝም ሲሉ ነው። በዚህ ሁኔታ «ይውጣ» ቢሉ ለጌታው አደላ ይባላሉ፤ «አይውጣ» ቢሉ የድሮ ቂም ተወጣ ይባላሉ። ጽሑፉ እጅግ ጥሩ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሐሜቱ ከደራሲው ላይ አይወርድም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጽሑፉ የገባ ዕለት ለቦርዱ ሁለት መስመር ጽፈው ቢያስረክቡት ኖሮ ዲኑም እርስዎን አያስጠሩም ነበር።

አሁንም አልመሸም። ግንኙነታችሁን በግልጽ ጠቅሰው ለአርታኢ ቦርዱ ይጻፉ፤ ጉዳዩ ከትምህርት ክፍላችሁ ውጭ ለሆነ፣ ቢቻል ደግሞ ከተቋሙም ውጭ ለሆነ የቦርድ አባል ይተላለፍ። ፋይሉን ሲያስረክቡ ሁለቱን ግምገማዎች ቃል ሳይነኩ፣ የተጻጻፋችሁበትን ኢሜይል በቀኑ ቅደም ተከተል አድርገው ያስረክቡ። ስለዚህ ጽሑፍ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ከክፍሉ ይውጡ፤ መውጣትዎም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። አንድ ነገር ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል፤ የገምጋሚዎቹን ስም ያውቃሉ። «ማን ነው እንዲህ የጻፈብኝ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ በሳቅ መካከል ይመጣል፣ በቡና ሰዓት በሌላ ሰው አፍ ይመጣል፣ «ለማመስገን ፈልጌ ነው» ተብሎም ይመጣል። ለማንም አይናገሩ። ያ ገምጋሚ አራት ገጽ የጻፉት ያለ ክፍያ ነው፤ የጻፉትም ስማቸው እንደማይወጣ ቃል ስለ ተገባላቸው ነው።

ለዲኑ የሚሰጡት መልስ አክብሮት ያለውና በጽሑፍ የሆነ ይሁን። የጆርናሉ ባለቤት ተቋሙ ስለሆነ ዲኑ ስለ በጀቱ፣ ስለ ኅትመቱ ጊዜ፣ ስለ ጆርናሉ ዓላማ፣ አርታኢ ስለ መሾምና ስለ ማንሣት መናገር ይችላሉ። የአንድን ጽሑፍ ዕጣ መወሰን ግን የአርታኢው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በእንግሊዝ አገር በጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታኢያን የተመሠረተውና ዛሬ በየአገሩ ያሉ ጆርናሎች የሚመሩበት የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ኮፕ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው፣ ከሚያስተምራቸው መሠረታዊ ነገሮች አንዱ በባለቤትና በአርታኢ መካከል ያለው ይህ ድንበር ነው። እንዲህ ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፦ «የተከበሩ ዲን፣ የሰጡኝን አስተያየት በአክብሮት ተቀብያለሁ። ደራሲው የቀድሞ አማካሪዬና የአሁኑ የቅርብ ኃላፊዬ በመሆናቸው በዚህ ጽሑፍ ላይ ውሳኔ መስጠት እንደማይገባኝ ለቦርዱ አሳውቄ ፋይሉን አስረክቤያለሁ። ውሳኔው ከቦርዱ በቀጥታ ለደራሲው ይደርሳቸዋል።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ስለ ዕድገቱ አንድም ቃል አይጨምሩ፤ ዕድገት የሚሰጥ ሌላ ኮሚቴ አለና።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ፊታቸውን ለማየት አፍራለሁ» ብለዋል። ይህ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታን ደግሞ ክፉ ነገር ነው ብዬ አልናገርም። ታላቅን ማክበር፣ ያስተማረን አለመርሳት፣ የሰውን ልብ ላለመስበር መጠንቀቅ ከእናት ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጠባይ ነው። ጆርናል ላይ ግን የይሉኝታውን ዕዳ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። እርስዎ ላለማፈር ብለው ያሳለፉትን ጽሑፍ ነገ አንዲት የጤና መኮንን እውነት ነው ብላ ትይዘዋለች፤ አንድ የግብርና ባለሙያ ገበሬ ሰብስቦ ይናገርበታል፤ ተማሪ ይጠቅሰዋል፤ በላዩም ሌላ ጥናት ይሠራበታል። እነዚህ ሰዎች ቢሮዎ ውስጥ ስለሌሉ ፊታቸው አይታይዎትም እንጂ ይሉኝታ የሚገባቸው እነርሱም ናቸው። አማካሪዎም ቢሆኑ፣ ሁለት የሚጋጩ ሠንጠረዦች ይዞ ከታተመ ጽሑፍ ይልቅ ታርሞ የወጣ ጽሑፍ ለስማቸው ይበጃቸዋል።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። አርታኢ በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ዘወትር ሻይ አብሮኝ የሚጠጣ ባልደረባዬ ጽሑፉን አስተካክሎ ሲመልስልኝ፣ ገምጋሚዎቹ ያሉት ሁሉ መስተካከሉን ሳላረጋግጥ «እርሱ እኮ ጠንቃቃ ነው» ብዬ ወደ ማተሚያ ቤት ላክሁት። እትሙ ወጥቶ ወር ሳይሞላው አንድ ወጣት መምህር ወደ ቢሮዬ መጣ። የታተመውን ቅጂ ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። አንዱን ሠንጠረዥ በእርሳስ ከቦታል፤ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት መቶኛዎቹን ደምሯቸዋል፤ መላሾች አንድ መልስ ብቻ በሚመርጡበት ጥያቄ ድምሩ 112 ይላል። «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለኝ፣ ቆሞ። አልተሳሳተም ነበር። በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አወጣን፤ ባልደረባዬም ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነፈገኝ። ኩርፊያው አልፏል። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ግን ያ ወጣት የእኔን ሥራ በእኔ ፋንታ ሠርቶ፣ እርሱ ይቅርታ የሚጠይቅ መስሎ መቆሙ ነው።

ስለ ማስተካከያ ካነሣሁ አይቀር፣ የታተመ ስህተት ሲገኝ መደበቅ ከስህተቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ ተመሥርቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ለማያያዝ የሞከረ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ2010 ነው። በመካከሉ ባሉት 12 ዓመታት በእንግሊዝ የክትባቱ ሽፋን ወረደ፤ ወሬው እስከ ዛሬ በየአገሩ ይዞራል። ይኸው መጽሔት በኮቪድ ወቅት፣ በ2020፣ ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያወጣው ሌላ ጽሑፍ የመረጃው ምንጭ ሊረጋገጥ ባለመቻሉ በታተመ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሻረ። ሁለቱም መታተም ያልነበረባቸው ጽሑፎች ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ የገምጋሚም የአርታኢም ዓይን አልፏቸዋል። በ12 ዓመትና በሁለት ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት ግን በሰው ጤና የሚለካ ነው። በእርስዎ ጆርናል ላይ ስህተት ሲገኝ ትንሹን በማስተካከያ፣ መደምደሚያውን የሚያፈርሰውን በመሻር፣ ምክንያቱን በግልጽ ጽፈው ያውጡ፤ የተሻረውን ጽሑፍም ከድረ ገጹ አያጥፉት፤ «ተሽሯል» የሚል ምልክት ይዞ ይቆይ፤ ቀድሞ የጠቀሰው ሰው ፈልጎ ሲያጣው ምን እንደ ደረሰበት አያውቅምና።

በገምጋሚ አመራረጥ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ጆርናል ማሳተም የጀመረችው ትናንት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. ከ1962፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል ደግሞ ከ1963 ጀምሮ ይታተማሉ። ሆኖም በአንዳንድ መስክ በአገር ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የደራሲውን ስም ሰርዘው ቢልኩም፣ ገምጋሚው የጥናቱን ወረዳና ደራሲው የራሱን ሥራ ደጋግሞ መጥቀሱን አይቶ ማንነቱን በአንድ ገጽ ውስጥ ይደርስበታል። ስለዚህ ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። ገምጋሚውን «ደራሲው ማን እንደሆነ ቢገምቱ፣ ከእርሱ ጋር ጥቅምም ጠብም ካለዎት ይንገሩኝ» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጅማ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከሐሮማያ፣ በውጭ አገር ካሉ ኢትዮጵያውያንም ገምጋሚ ይፈልጉ። ደራሲው ራሱ የሚጠቁማቸውን ገምጋሚዎች ደግሞ በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ባዮሜድ ሴንትራል የተባለው አሳታሚ 43 ጽሑፎችን በአንድ ጊዜ የሻረው፣ ገምጋሚ ተብለው በቀረቡ የሐሰት ኢሜይል አድራሻዎች ግምገማው ተጭበርብሮ ስለ ተገኘ ነው። የጂሜይል አድራሻ ብቻ የተሰጠዎት ከሆነ ሰውየውን በተቋሙ በኩል ያረጋግጡ።

ስለ ሁለቱ ካርቶኖች ደግሞ፣ በአንድ ቅዳሜ ከፍተው ይለዩዋቸው። አንድ ትልቅ መዝገብ ገዝተው፣ ጽሑፉ የገባበትን ቀን፣ ለማን እንደ ተላከ፣ መልሱ መቼ እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተወሰነና ለምን እንደ ተወሰነ የሚሞሉ ዓምዶች ያስምሩበት። «ለምን» የሚለው ዓምድ ባዶ የቀረበት ጽሑፍ ካለ ገና አልተወሰነም ማለት ነው። ዲን ሲቀየር፣ እርስዎም ሲቀየሩ፣ ለተተኪዎ የሚተርፈው ያ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፣ ከኮዬ ፈጬ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከመመረቂያ ጽሑፌ ያወጣሁትን ጥናት ለአንድ ጆርናል ከላክሁ አሥራ አንድ ወር አለፈው። ሦስት ጊዜ ኢሜይል ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ጓደኞቼ «ለሌላም ላኪው፣ ማን ያውቃል» ይሉኛል። አማካሪዬ ደግሞ ስማቸው ከእኔ ቀድሞ እንዲገባና በጥናቱ ያልተሳተፉ ሌላ መምህር እንዲጨመሩ ጠይቀውኛል። እስከዚያው ሐሳቤን ሌላ ሰው ቢወስደውስ?

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ለሁለት ጆርናሎች በአንድ ጊዜ አይላኩ። ገምጋሚዎች በየበኩላቸው ያለ ክፍያ የሚሠሩትን ሥራ በከንቱ እጥፍ ማድረግ ነው፤ ሁለቱም ቢያትሙት ደግሞ አንዱ ይሻራል፣ ከስምዎ ጎን የሚቀመጠውም ያ መሻር ነው። ይህ ማለት ግን ታስረው ይቅሩ ማለት አይደለም። ለዋና አርታኢው፣ ግልባጩን ለአሳታሚው ክፍል አድርገው፣ ጽሑፉ የገባበትን ቀን ጠቅሰው ይጻፉ፤ «እስከዚህ ቀን መልስ ካልደረሰኝ ጽሑፌን ከግምገማ አነሣለሁ» ብለው የሦስት ሳምንት ጊዜ ይስጡ። ቀኑ ሲያልፍ ማንሣትዎን የሚገልጽ ሁለተኛ ኢሜይል ልከው ቅጂውን ይያዙ። ከዚያ በኋላ ወደ ፈለጉት መላክ ይችላሉ።

ጥፋቱ የእርስዎ አለመሆኑንም በግልጽ ልናገር። የአንድ ወጣት ተመራማሪ አሥራ አንድ ወር ቀላል ነገር አይደለም። «ገምጋሚ እየፈለግን ነው፣ አላገኘንም» ማለትም መልስ ነው፤ ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጽሑፉ ከጆርናሉ ዓላማ ውጭ ከሆነ ደግሞ አርታኢው በመጀመሪያው ሳምንት ነግሮ ሊመልስልዎ ይገባ ነበር።

ስለ ስም ቅደም ተከተል፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስበው ከጀመሩት የሕክምና ጆርናል አርታኢያን ኮሚቴ የመጣና ከሕክምና ውጭም በስፋት የሚሠራበት መለኪያ አለ። ደራሲ የሚባለው አራቱንም ያሟላ ነው፤ በጥናቱ ሐሳብና ንድፍ ወይም በመረጃው አሰባሰብና ትንተና ላይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ ያበረከተ፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በጥልቀት ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ያጸደቀ፣ በጥናቱ ላይ ለሚነሣ ጥያቄም ኃላፊነት የሚወስድ። አማካሪዎ ንድፉን አብረው ከሠሩና ረቂቁን ካረሙ ደራሲነት ይገባቸዋል፤ ከመመረቂያ ጽሑፍ በወጣ ሥራ ላይ ግን ተማሪዋ ቀድማ መጠራቷ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። በጥናቱ ያልተሳተፉትን መምህር ማስገባት በስጦታ የተሰጠ ደራሲነት ይባላል፤ አይገባም። የረዱዎት ነገር ካለ በምስጋናው ክፍል ይጥቀሷቸው። ለአማካሪዎ ሲናገሩ «ጆርናሉ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ በዝርዝር ይጠይቃል፤ የእርሳቸውን ምን ብዬ ልሙላ?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው በራሱ ያልተሠራውን ሥራ ያሳያል፤ ድፍረትም አይመስልም። አርታኢ የሆናችሁ አንባቢዎችም ይህንን ዝርዝር ከእያንዳንዱ ደራሲ ጠይቁ፤ ጽሑፉ መግባቱንም ለላከው ሰው ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ኢሜይል ለሁሉም አሳውቁ።

ሐሳብዎ እንዳይወሰድ ስለ መፍራትዎ። ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን ላይ ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስን ማሳተም ሲጀምር፣ ከጆርናሉ ጥቅሞች አንዱ የማን ግኝት በየትኛው ቀን እንደ ደረሰ መመዝገቡ ነበር። የእርስዎም ጠበቃ ቀኑ ነው፤ ጽሑፉን የላኩበት ኢሜይልና በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፍዎ ቀን ማስረጃ ይሆኑልዎታል።

በሌላ በኩል ፍርሃትዎ መሠረት የለውም አልልም፤ በእጃችን ያለው ረቂቅ አደራ መሆኑን አርታኢያንም ገምጋሚዎችም እንዘነጋለን። አንድ ቀን ማምሻውን ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ጊዜ ላለማባከን ብዬ የአንድ ደራሲ ረቂቅ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነብ ነበር። ኮተቤን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጎንበስ ብሎ ርእሱን አየና «ይህ የእገሌ ሥራ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ትክክል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ካራ እስክንደርስ ፊቴ እንደጋለ ነበር። ሰውየው የዚያው መስክ ተመራማሪ ቢሆን ኖሮ ርእሱ ብቻ ይበቃው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ረቂቅ ይዤ ታክሲ ውስጥ ገልጬ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ከታክሲው የሰፋ በር ተከፍቷል፤ ግምገማውን ለማፋጠን የሰውን ረቂቅ ቻትጂፒቲን በመሰለ መሣሪያ ላይ የሚለጥፉ አሉ። ያልታተመ የሰው ሥራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን መስጠት ነው፤ ይህን ያደረገ ገምጋሚ አደራ በልቷል። አርታኢዎች ለገምጋሚ በምትልኩት ደብዳቤ ላይ ክልከላውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስገቡት።

ጥያቄ፣ ከሰበታ

የኮሌጅ መምህር ነኝ። አንድ የውጭ አገር ጆርናል የአርታኢ ቦርድ አባል እንድሆን በኢሜይል ጋብዞኛል። ፎቶግራፍና የሕይወት ታሪክ ብቻ ላክ ይላል። ጽሑፍ ሳስገባም በ72 ሰዓት ተቀባይነት እንደማገኝና ቅናሽ እንደሚደረግልኝ ጽፏል። ልቀበል?

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አይቀበሉ። በ72 ሰዓት ውስጥ ገምጋሚ ተፈልጎ፣ ተገኝቶ፣ አንብቦ፣ ጽፎ፣ አርታኢውም መዝኖ ሊወስን አይችልም፤ ስለዚህ ግምገማ የለም ማለት ነው። ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ለአንባቢ በነፃ የሚቀርቡ ሐቀኛ ጆርናሎችም ከደራሲ ያስከፍላሉ። የስምንት አኃዝ የጆርናል መለያ ቁጥር ይዞ መገኘቱም ጥራቱን አያረጋግጥም። ጄፍሪ ቢል የተባለው አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያዘጋጀው የነበረው የአጭበርባሪ አሳታሚዎች ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ተነሣ በአንድ ዝርዝር ብቻ መተማመን አይቻልም። ጆርናሉ ዶአጅ በተባለው ለአንባቢ በነፃ የሚቀርቡ ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ፣ የአፍሪካ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሚሠራው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። ከዚያ በቦርዱ ላይ ከተዘረዘሩት ሰዎች ሁለቱን በተቋማቸው ኢሜይል ይጠይቋቸው፤ ስማቸው መኖሩን የማያውቁ ያጋጥሙዎታል።

የቦርድ አባልነት ሥራ ነው። እውነተኛ ጆርናል ሲጋብዝዎ በዓመት ስንት ረቂቅ እንደሚልክልዎ፣ ዘመንዎ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የጥቅም ግጭት ሲኖርብዎ ለማን እንደሚያስረክቡ ይነግርዎታል። ፎቶግራፍዎን አስቀድመው ልከው ከሆነ ዛሬውኑ «ስሜና ፎቶግራፌ እንዲወጣ አልፈቀድኩም» ብለው ይጻፉ፤ የኢሜይሉን ቅጂም ለኮሌጁ የምርምር ክፍል ይስጡ፤ ከወር በኋላ ድረ ገጹን ከፍተው ስምዎ አለመኖሩን ያረጋግጡ።